በተረት ረትቼ የሸኘኋት ሴት

ጡረታ በወጣሁ በአራተኛው ወር ከወረዳው ባህል ጽሕፈት ቤት አንድ ባለሙያ ቤቴ ድረስ መጣ። ፀጉሩ ገብስማ የሆነ፣ ትሑት ሰው ነው። ስልኩን አውጥቶ መቅጃውን ከፈተና ጠረጴዛው ላይ ከፊት ለፊቴ አስቀመጠው።

«ሲስተር አስካለ፣ በዚህ አገር የአባትዎን ጨዋታ የማያነሳ ሽማግሌ የለም። እርስዎም እሳቸውን ነው የወጡት ይባላል። እንግዲህ መቶ ተረትና ምሳሌ ብቻ ይስጡኝ፤ በፊደል ተራ አደራጅተን መጽሐፍ እናደርገዋለን» አለኝ።

ሳቄ መጣ። መቶ? ቁርስ ሳይቀርብ እጨርስለት ነበር። ግን አፌን ከፍቼ መልሼ ገጠምኩት። ሰውየው ያፈርኩ መስሎት «አይፍሩ፣ አንድ ሁለቱን ከጀመሩት ይመጣልዎታል» እያለ ያበረታታኝ ጀመር። እንዲህ ያለ ነገር ለእኔ መባሉ ራሱ ያስቃል፤ የአባቴ ነፍስ ብትሰማ ትታዘበው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት በነርስነት ሠርቻለሁ። ከዚያ ውስጥ የመጨረሻዎቹን ሃያ ሁለት ዓመታት አንድም ተረት ከአፌ ሳላወጣ ጨርሻለሁ። ሰው ሲናገር እሰማለሁ፤ ስሰማም ደስ ይለኛል። መልሱ ምላሴ ጫፍ ድረስ ይመጣል፤ እሱን እውጠዋለሁ። ይህንኑ ስነግረው ሰውየው ስልኩን ዘጋና «እንግዲያው ለምን እንደተዉት ይጻፉልኝ» አለ። ይኸው እየጻፍኩ ነው። ለመጽሐፉ የሚሆን አንድም ተረት ስለማያገኝበት ከአሁኑ ይቅር ይበለኝ።

የተወለድኩት መንዝ፣ ማማ ምድር ነው። አባቴ ገበሬ ነበሩ፤ ነገር ግን ማኅበርና ሰንበቴ ላይ ሰው ዓይን ዓይናቸውን የሚያየው ለጨዋታቸው ነበር። ቤታችን ውስጥ ራት ከቀረበ በኋላ የሚደረግ ነገር አለ። አንዱ ተረት ይጥላል፣ ሌላው በተረት ይመልሳል፣ ሦስተኛው ያንን የሚያሸንፍ ያመጣል። መልስ ያጣ ተረታ ይባላል። የተረታ ሰው ይነሣል፣ ውሃ ይዞ ሌላውን ሁሉ ያስታጥባል፤ የተነሣውንም ነገር ዳግመኛ አያነሣውም። ተረትቶ ያንኑ ነገር የሚመላልስ ሰው እንደ ባለጌ ይታያል። ይህ የእኛ ቤት ሕግ ብቻ አልነበረም፤ በእኛ በኩል ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ከስምንት ልጆች አምስተኛዋ ነኝ። ዐሥራ ሁለት ዓመት ከሞላኝ ወዲህ በአባቴ ቤት ውሃ ያስታጠብኩበትን ቀን አላስታውስም። በዚህም ልቤ ያበጠ ነበር።

ትምህርቴን ጨርሼ ዕጣ ሳወጣ ራቤል ደረሰኝ። ራቤል ያለችበት ግሼ ለእኔ ሩቅ አገር ነበረች፤ ግማሹን በጭነት መኪና፣ ግማሹን በበቅሎ ገባሁ። ደመወዜ ለሳሙና፣ ለጫማና ለእናቴ ስኳር ትበቃለች። ክሊኒኳ ሁለት ክፍል ነበረች፤ ነፋሱ ቆርቆሮዋን ሲያንቀጫቅጨው የታመመ ሰው ሳል እንኳ አይሰማም። እዚያ ነው ጋሽ ጌታሁንን ያገኘኋቸው።

ጋሽ ጌታሁን ድሬሰር ነበሩ፤ እኔ ሳልወለድ ቁስል ማጠብ የጀመሩ ሰው። ረጅም፣ ዘገምተኛ፣ አንዱ የዓይናቸው ቆብ ወደ ታች የወረደ። ሁልጊዜ ያንቀላፉ ይመስላሉ። ጠዋት ጠዋት መርፌና ሲሪንጁን በቡታጋዝ የሚቀቅሉት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ሌላ ሰው ድስቱን ከነካ ውሃውን ደፍተው እንደገና ይጀምራሉ። የሚቀመጡት ከበሽተኛው አግዳሚ ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ነው። ያን የሚያህል ቁመት ይዘው በርጩማዋ ላይ ሲታጠፉ ጉልበታቸው አገጫቸውን ይነካል። ከፍ ያለ ወንበር ነበረን፤ የመድኃኒት ካርቶን ይደረድሩበታል።

እኔን ያናደደኝ ግን ሌላ ነበር። የአገራችን ሰው «ምንህን አመመህ?» ሲባል መጀመሪያ እግዚአብሔርን ያመሰግናል። ሁለተኛ ስለ ዝናቡና ስለ በጎቹ ያወራል። ሦስተኛ ተረት ይናገራል። ያን ጊዜ ጋሽ ጌታሁን ብዕራቸውን ጠረጴዛው ላይ ያጋድማሉ፣ ካርዱን በጀርባው ይገለብጡታል፣ ፋሻ ያነሡና እየጠቀለሉ አንዲት ቃል ይሉታል።

«እንዴት?»

ከዚያ ዝም። ፋሻ መጠቅለል ብቻ። እኔ እኮ በእሳቸው ፋንታ አፍር ነበር። የመንዝ ሰው ሆኖ፣ ያን ያህል ዕድሜ ኖሮ፣ ለተራ ተረት መልስ ያጣል? አንድ ቀን አልቻልኩም።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ቅድም ሰውየው ለተናገረው እኮ አምስት መልስ አለው። ልንገርዎ?»

«አምስት ብቻ?» አሉኝ የወደቀውን የዓይናቸውን ቆብ ሳያነሡ። «እኔ ሰባት አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን አይመልሱም?»

«ከመለስኩማ ይስቃል። ከሳቀ ይሄዳል።»

ይህን የሰማሁት በሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ሰማሁት እንጂ አልገባኝም። ብቻ የማወቅ ጉጉቴ ተነሣ፤ ከዚያ ወዲህ ሥራ ሳጣ ጥግ ይዤ እሳቸውን ማየት ጀመርኩ።

አንድ ሽማግሌ ትዝ ይሉኛል። ከገደሉ አፋፍ በእግራቸው የመጡ፣ ሳል ይዟቸው። ትንሽ ጉንፋን ነው፣ የሚዋጥ ነገር ስጡኝና ልሂድ አሉ። ስለ አሮጌ ቤት ክዳን የሚነገረውን ተረት እየሳቁ ተናገሩ። እኔ ከበስተኋላ ቆሜ መልሱን በልቤ አዘጋጅቻለሁ። ጋሽ ጌታሁን «እንዴት?» አሉ። ሽማግሌው ሳቃቸው ቀስ ብሎ ጠፋ። ዱላቸውን ተመለከቱ፣ ከበሩ ውጭ ያለችውን በቅሎ ተመለከቱ። ፋሻው ሁለት ጊዜ ተጠቅልሎ ሁለት ጊዜ ተፈታ።

«ሲነጋ ጋቢዬ ይጨመቃል» አሉ በመጨረሻ። «ላብ ነው። ከስቻለሁም። ለቤት ሰው አልነገርኩም።»

«ደምስ?»

«አልፎ አልፎ።»

የሳንባ ነቀርሳ ነበር። ስምንት ወር ሙሉ መድኃኒት ወስደው ዳኑ፤ ከቤታቸውም ሁለት ልጆች አብረው ታከሙ። እኔ ብሆን ኖሮ አስቄ፣ የሳል ሽሮፕ ሰጥቼ እሸኛቸው ነበር።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ከቆላው ጨርቅ ይዛ ወደ ራቤል ገበያ የምትወጣ ነጋዴ፣ ወይዘሮ ዘይነባ፣ ልጇን አዝላ መጣች። ስለ ዝናብ የሚነገረውን፣ እኔም ከልጅነቴ የማውቀውን ተረት ተናገረች። በእኛ በኩል ያ ተረት የሚነገረው ለቸኮለ ሰው ነው። ስለዚህ ሴትየዋ አትቸኩሉ፣ ልጁ ደህና ነው ማለቷ መሰለኝ። ጋሽ ጌታሁን እንደ ልማዳቸው ጠየቋት። ለካ በእነሱ በኩል ያንኑ ተረት የሚናገሩት ለዘገየ ሰው ኖሯል፤ ልጁ ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ሽንት አልሸናም። ወዲያው ፈሳሽ ሰጠነው። ያን ቀን በጣም ገረመኝ። አንድ ተረት ገደሉን ወርዶ ቆላ ሲገባ ሥራውን ይቀይራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ወይዘሮ ዘይነባን ካርዷን እስክንጽፍ ድረስ ይህኛውስ እንዴት ነው፣ ያኛውስ ለማን ይባላል እያልኩ አሰለቸኋት። «ኧረ እህቴ፣ ልጄን አስቀድሚ!» ብላ ሳቀችብኝ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ አይቼ፣ ይህን ሁሉ ተደንቄ፣ ከስድስት ዓመት በኋላ ከራቤል ስወጣ ይዤ የወጣሁት ጉጉቱን ብቻ ነው። ልማዱን አልያዝኩም።

የተዛወርኩት ከጓሳ ግርጌ ወዳለች አንዲት ጤና ጣቢያ ነበር። ስሟን አልጠራም፤ የማወራው ጥፋት የእኔ ነው እንጂ የጣቢያዋ አይደለም። እርጉዞችን የማየው እኔ ነበርኩ። ኃላፊያችን ፈጣን፣ ሳቂታ፣ ወረፋ ከምሳ በፊት ሲያልቅ ደስ የሚለው ሰው ነበር፤ እኔንም ይወደኛል። በአፌ አግዳሚውን ሁሉ አስቀዋለሁ፤ ሰው ሲስቅ ደግሞ ወረፋው ይሮጣል። አንዳንዶች ሳይታመሙ ጨዋታዬን ለመስማት ይመጡ እንደነበር ይነገረኝ ነበር። ይህ ሲነገረኝ እንዴት ደስ ይለኝ እንደነበር ዛሬ ሳስበው ፊቴ ይቀላል።

በአንድ የገበያ ቀን እናኑ የምትባል ሴት መጣች። ሃያ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው፤ የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘች፣ ስምንተኛ ወሯን የያዘች። ከአማቷ ከእማማ ድንቄ ጋር የአራት ሰዓት መንገድ በእግሯ ተጉዛለች። አግዳሚው ጢም ብሏል፤ ውጭ ሰው በጎቹን አስሮ ይጠብቃል።

«ምን ሆነሽ ነው የኔ እናት?» አልኳት።

እናኑ አማቷን በዓይኗ ጠርዝ አየት አደረገች። ከዚያ ፈገግ ብላ ስለ ሸክም የሚነገር አንድ ተረት ጣል አደረገች። ድምፅዋ ቀጭን ነበር፤ ግን አጣጣሏ የጨዋ ልጅ ነበር፣ ልክ በቦታው። ደስ አለኝ። እውነቱን መናገር ካለብኝ፣ ተወዳዳሪ ያገኘሁ ሆኖ ነው የተሰማኝ።

እኔም መለስኩላት። ስለ አህያና ስለ ዳገት የሚነገር፣ አባቴ ለትልልቅ ማኅበር ብቻ የሚያወጡት ተረት ነበር። ክፋቱ፣ መልስ የለውም። አግዳሚው በሳቅ ፈረሰ። እማማ ድንቄ እጃቸውን አጨበጨቡ።

«ወይ ሲስተር! በይ እንግዲህ እናኑ፣ ውሃ አምጪና አስታጥቢ!» አሉ።

እናኑም በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች። አስተኝቼ ሆዷን ዳሰስኩ፤ የጽንሱን የልብ ምት አዳመጥኩ፤ ደህና ነበር። የላስቲክ ጫማዋ ከፊቱ በቢላ ተሰንጥቋል። አይቼዋለሁ፤ ያረጀ መሰለኝ። የደም ግፊት መለኪያው በዚያ ቀን ወዲያኛው ክፍል ነበር፤ ዐሥር ርምጃ ቢሆን ነው። አልሄድኩም። የደም ማነስ ኪኒን ሰጥቼ፣ በወሩ ነይ ብዬ ሸኘኋት። ስትወጣ «እግዜር ይስጥልን» አለች። ከዚያ ሌላ አንድ ቃል አልተናገረችም።

በዘጠነኛው ቀን ስምንት ሰው በቃሬዛ ተሸክሞ አመጣት። መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ ሰውነቷ ተንዘፍዝፎ ራሷን ስታለች፤ ምላሷን ነክሳ አፏ ደም በደም ሆኗል። ያን ጊዜ ነው ወዲያኛው ክፍል ሮጬ መለኪያውን ያመጣሁት። ግፊቷ ከልክ በላይ ነበር። መንዘፍዘፉን በመርፌ አቆምነው። ከመምሸቱ በፊት ወለደች። ወንድ ነበር፤ ነፍስ አልነበረውም። እሷ ግን እግዜር ይመስገን ተረፈች።

በሦስተኛው ቀን ዓይኗ አጥርቶ ማየት ጀመረ። አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ሾርባ ሳጎርሳት፣ ያለ ምንም ቁጣ እንዲህ አለችኝ፦

«ያን ቀን ራሴን ሊፈልጠኝ ነበር ሲስተር። ዓይኔም ላይ ብልጭ ብልጭ ይልብኝ ነበር። እግሬ አብጦ ጫማዬን በቢላ ቀደድኩት። ይህንን ልነግርዎ ነበር የመጣሁት።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

የማያስጠይቅ ነገር የጠየቅኳት ያህል ገርሟት አየችኝ።

«ረቱኝኮ። ከተረታሁ በኋላ ምን ልበል?»

ማንኪያውን ሳህኑ ውስጥ አስቀምጬ ወጣሁ። ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ቆሜ አለቀስኩ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እሷ ግን ሕጉን አክብራ ነው ዝም ያለችው፤ በደንብ ያደገች ልጅ ነበረች። እኔም ያደግኩበት ሕግ ነው። ከሌላ አገር የመጣ ነርስ ቢሆን ተረቱ አይገባውም፣ ምን ማለትሽ ነው ብሎ ይጠይቃት ነበር፤ ልጇም ምናልባት በተረፈ። በእኔ እጅ የሞተው ተረቱን በደንብ ስለማውቅ ነው።

ኃላፊዬ የሥራ ብዛት ነው ብሎ አጽናናኝ። መዝገቡ ላይ የሞቱን ምክንያት የሚጻፍበት ቦታ አለ፤ እዚያ የበሽታውን ስም ጻፍኩ። የእኔን ተረት የምጽፍበት ቦታ አልነበረውም። የተቆጣኝ ሰው ስላልነበር የሚቆጣኝ ሰው ፍለጋ ፈቃድ ጠይቄ ራቤል ሄድኩ።

ጋሽ ጌታሁን ያን ጊዜ ጡረታ ወጥተዋል። ጓሯቸው ውስጥ ነጭ ሽንኩርት ሲያርሙ አገኘኋቸው። ሰላምታ ሳልጨርስ «ሰው ገደልኩ ጋሼ» አልኳቸው።

ከእጃቸው አፈሩን አራገፉ። ከጓሮው ጫፍ ድንጋይ ላይ ዝቅ ብለው ተቀመጡና «እንዴት?» አሉኝ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። የአግዳሚውን ሳቅ፣ የጫማውን ቅዳጅ፣ ዐሥሯን ርምጃ። አላቋረጡኝም። አይዞሽም አላሉኝም። ስጨርስ ወደ ሽንኩርቱ እያዩ፣

«እኔም አንድ አለኝ» አሉ።

እንዳልጠይቃቸው የፈለጉ መሰለኝ፤ ልነሣም ነበር። ከዚያ ግን ትዝ አለኝ።

«እንዴት?» አልኳቸው።

«ወጣት ሳለሁ አንድ ጎልማሳ እግሩን ሊታጠብ መጣ። ተራ ጭረት ነው አለኝ። ስለ ውሻ ተረት ተናገረ፤ እኔም ስለ ውሻ ተረት መለስኩለት። ስንስቅ ዋልን።» የወደቀውን የዓይናቸውን ቆብ በአውራ ጣታቸው ጠረጉ። «ውሻ ነክሶት ነበር። ያበደ ውሻ። አሟሟቱን አየሁት።»

ልሄድ ስነሣ ጭድ ላይ ዘርግተው ያደረቁትን ሽንኩርት በፌስታል ሞልተው ሰጡኝ። በሚቀጥለው ዓመት አረፉ። ለቅሶ ደርሻለሁ፤ እዚያ የነበረ ሰው ሁሉ «እኔን ብቻ ያዳምጡ ይመስለኝ ነበር» ሲል ሰማሁ።

ከራቤል ስመለስ ከፍ ያለውን ወንበሬን ለመድኃኒት ክፍሉ ሰጠሁና በርጩማ አሠራሁ። የግፊት መለኪያውንም ከክፍሌ እንዳይወጣ አደረግኩ። ተረት ሲነገር ካርዱን ገልብጬ «እንዴት?» እላለሁ። መጀመሪያ ላይ ሰው ቅር አለው፤ ሲስተር ኮራች፣ ጨዋታ ተወች ተባለ። አግዳሚዬ ላይ ሳቅ ጠፋ፤ ወረፋዬም ረዘመ፤ ኃላፊዬ ደግሞ ተበሳጨ። እንዴት የሚለውን ቃል ማለት ቀላል ነው። ከባዱ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ዓይን ዓይኑን ካየሽው ሰውየው ያፍራል፤ ሌላ ቦታ ካየሽ ደግሞ የሰለቸሽ ይመስለዋል። እጁን ማየት ነው የሚሻለው። የራስሽም እጅ ሥራ ይፈልጋል፤ ጋሽ ጌታሁን ለካ ፋሻ የሚጠቀልሉት ለዚህ ነበር። አብሮ የመጣ ዘመድ በበሽተኛው ፈንታ ልመልስ ካለ፣ ካርድ ክፍል ደርሰው ይህን ማኅተም ያስመቱልኝ ብዬ እልከዋለሁ። ስንት አማት፣ ስንት ባል የማያስፈልግ ማኅተም ሲያስመታ ኖሯል!

ደብተርም ያዝኩ። የባህል ቢሮው ሰው ያን ቀን ስለዚህ ደብተር ቢያውቅ ኖሮ አይለቀኝም ነበር፤ ሆኖም ከተረቱ ይልቅ የተረቱ ተከታይ ነው ያለበት። ማን ተናገረው፣ ማንን እያየ፣ ስጠይቀው ምን አለ። ሰባት ደብተር ሞልቶልኛል፤ አሁንም ቁጭ ብዬ ሳነበው ይደንቀኛል። እየሳቀ የጀመረ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሚያለቅሰው ይልቅ የሚያሰጋ ነገር ይዞ ይመጣል። ስለ እንስሳ የሚናገር ስለ ሰውነቱ ነው፤ ስለ እህል የሚናገር ብዙውን ጊዜ ስለ ቤቱ ነው፤ ስለ መንገድ የተናገረ ደግሞ የሚያወራው ሊተወው ስላሰበው ሰው ነው፤ ይህንኛውን ግን እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። ያንኑ አንድ ተረት ሙሽራ ተናግራው ፍርሃት ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ አያቷ ተናግረውት ምስጋና ሆኖ አግኝቼዋለሁ። የቀድሞ ሰዎች ይህን ሁሉ አስበው ነው የሠሩት ወይስ ችግሩ ራሱ ቀስ በቀስ ቀርጾት ነው? አላውቅም፤ ማወቅ ግን እፈልጋለሁ።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት በሽተኛ በታብሌት መመዝገብ ተጀመረ። «ዋና ቅሬታ» የሚል ሣጥን አለው። አዲሶቹ ነርሶች ጎበዞች ናቸው፤ ጣታቸው ይበራል። ታብሌቱን በደረቱ ጠረጴዛው ላይ አስተኝቼ ስጠይቅ አይተው ይስቁብኝ ነበር። በኋላ በኋላ ሁለቱ እንደዚያው ሲያደርጉ አይቻቸው እንዳላየሁ አለፍኩ።

እናኑስ? ከዚያ በኋላ ሦስት ልጆች ወለደች፤ ሁሉንም ሌላ ቦታ ሄዳ። አልፈረድኩባትም። ሞላሌ ገበያ ላይ ሸማኔ ዘንድ የምታሠራውን ባና፣ የሱፍ ብርድ ልብሱን፣ ትሸጣለች፤ ሱፉን የምትፈትለው ራሷ ናት። በዓመት ሦስት አራት ጊዜ እንገናኛለን። ሰላም እላታለሁ፤ «ደህና ነኝ ሲስተር፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች። በዚያው ያበቃል። አንድ ጊዜ ይቅርታ ልጠይቃት ጀምሬ «የእግዜር ሥራ ነው» ብላ ነገሩን ዘጋችው። ያ ነገር አንድ ጊዜ ተረትታበታለች፤ እንደገና ማንሣት ለእሷ ነውር ነው። እኔ ደግሞ የረታሁበትን ነገር እንዴት ብዬ ልክፈተው? ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ኖርን። ጡረታ የወጣሁ ቀን ባልደረቦቼ ጋቢ አለበሱኝ፤ ለስላሳና ዳቦ ቀረበ፤ «ዛሬስ አንዲት ተረት!» ብለው አጨበጨቡ። አመሰግናለሁ ብቻ ብዬ ተቀመጥኩ። በዚያ ሁሉ ሰው መሃል ያየሁ የመሰለኝ እናኑን ነበር።

የባህል ቢሮው ሰው በሄደ በሳምንቱ ለክረምት ባና ልገዛ ሞላሌ ወረድኩ። እናኑ ከተከመረው ባና አጠገብ ተቀምጣ እንዝርቷን ታሾራለች። ሰላም ስላት እንደ ወትሮው አመሰገነች። ዋጋ ልጠይቅ ስል ግን ቀና ሳትል፣

«ተረት ትተዋል የሚሉት እውነት ነው?» አለችኝ። «ቢሮ የሚሠራው ሰውዬ እርስዎ ዘንድ ሄዶ ባዶ እጁን ተመለሰ አሉ።»

«እውነት ነው።»

«መቼ ተዉት?»

«አልጋው ላይ ሆነሽ ረቱኝ ያልሽኝ ዕለት» አልኳት።

እንዝርቱ ቆመ። አጠገቧ ማዳበሪያ ከረጢት ነበር፤ ጠጋ አድርጋልኝ ተቀመጥኩ። ከእሷ ትንሽ ዝቅ ያልኩ ሆንኩ። ሰው ያልፋል፣ በግ ይጮኻል፣ እሷ ክሯን ታያለች። ከዚያ ያንኑ፣ ስለ ሸክም የሚነገረውን ተረት፣ አንድ ቃል ሳታጎድል ተናገረች። ተናግራም ጠበቀችኝ።

የአባቴ መልስ ወዲያው መጣ፤ ሃያ ሁለት ዓመት አላስረሳኝም። አንድ ልቃቂት ክር አነሣሁና መጠቅለል ጀመርኩ።

«እንዴት?» አልኳት።

እጆቿን አየሁ። በሱፉ ቅባት ወዝተዋል። ጣቶቿ እንዝርቱ ላይ ሄዱ፣ መጡ።

«ስም ነበረው» አለች።

ልቃቂቱን መጠቅለሌን ቀጠልኩ።

«ሆዴ ውስጥ ሳለ ነው ያወጣሁለት። መከታ ነበር የምለው። ሳይጠመቅ ሄደ፣ ለቅሶም አልተቀመጡለት፤ ታዲያ ስሙን ማን ይጠይቀኛል? ለባሌም አልነገርኩት። እማማ ድንቄ ነፍሳቸውን ይማርና የእርስዎን ተረት እስኪሞቱ ድረስ ለሰው ሁሉ ያወሩት ነበር። ሠርግ ላይም ሲነገር እሰማለሁ። ያን ጊዜ ተነሥቼ እወጣለሁ። ሰው ሆዷን አመማት ይላል።»

ብዙ ነገረችኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ይሞላው እንደነበር፣ ስሙን የምትጠራው ጓሳ ሣር ልታጭድ ስትወጣ፣ ሰው በሌለበት እንደነበር። ጠየቅኳት፣ መለሰች፤ ዝም አለች፣ ጠበቅኋት። አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ። ባና ሊገዛ የመጣ ሰው ሁለታችንንም አይቶ ወደሚቀጥለው ሻጭ አለፈ።

ፀሐይ ዞር ስትል ከአገልግሏ የገብስ ዳቦ አወጣች። ጀሪካን ውሃ ከጎኗ ነበር፤ እንደ ወጉ እኔን ልታስታጥበኝ እጇን ሰደደች። ቀድሜ አነሣሁት።

«እንዴ ሲስተር! እኔ እያለሁ? ነውር ነው!» አለች።

«እጅሽን ዘርጊ» አልኳት።